የፈረስ ተሳቢ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከየት ይጀምር?

ቅዳሜ ጠዋት ከሚድልበርግ ወደ ዋረንተን የነዳ ሰው ፈረስ የጫነ ተሳቢ ሳያጋጥመው አይመለስም። ያ የቨርጂኒያ ክፍል የታወቀ የፈረስ አገር ነው፤ ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሐበሻም ሩቅ አይደለም። ልጁን ግልቢያ የሚያስተምር ወይም ከከተማ ወጣ ብሎ ትንሽ መሬት ገዝቶ ፈረስ ያስገባ ሰው ውሎ አድሮ ተሳቢ መፈለጉ አይቀርም። ፈረሱን ሌሊት ሆዱን ቢያመው ሐኪም ቤት የሚደርሰው በተሳቢ ነው፤ እሳት ወይም ጎርፍ ቢመጣም የሚሸሸው በዚያው ነው።

ችግሩ ገዢ ሁሉ ከማስታወቂያው ፎቶ መጀመሩ ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ የኮርቻ ክፍል፣ አንዳንዴም አልጋና ምድጃ ያለው ማደሪያ ያያል፣ ልቡ ይሄዳል። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ፦ መጀመሪያ የሚጎትተው መኪና፣ ቀጥሎ ፈረሱ፣ ከዚያ የተሳቢው ወለል፣ ጎማና ፍሬን። ቀለሙና አልጋው መጨረሻ ይምጡ። ቁጥሮቹን የማስቀምጠው በአሜሪካ መለኪያ ነው፤ አውሮፓ ላላችሁ ስለ መንጃ ፈቃድ አንድ ነገር ጣል አደርጋለሁ።

1. የመኪናችሁን በር ክፈቱ

የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ነጭና ቢጫ ስቲከር አለ። የተሳፋሪና የጭነት ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ፔይሎድ የሚባለው እሱ ነው። የመኪና ሻጮች የሚያወሩላችሁ ግን ሌላውን ቁጥር ነው፤ መኪናው ስንት ፓውንድ ይጎትታል የሚለውን። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ፔይሎዱ ነው።

በቁጥር እንየው። ሁለት ፈረስ የሚይዝ ቀለል ያለ ተሳቢ ባዶውን 2,800 ፓውንድ ይመዝናል እንበል። ሁለት መካከለኛ ፈረሶች እያንዳንዳቸው 1,100፣ በድምሩ 2,200 ፓውንድ ናቸው። ለኮርቻ፣ ለድርቆሽና ለውሃ 300 ጨምሩ፤ አንድ ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ8 ፓውንድ በላይ ነው። ድምሩ 5,300 ሆነ። ባለ ቪ6 ሃይላንደር የሚጎትተው እስከ 5,000 ስለሆነ እዚህ ላይ ወደቀ። ታኮማ ግን እንደ ሞዴሉ ከ6,000 በላይ ስለሚል ሰው «ይበቃኛል» ብሎ ይገዛል።

አሁን ወደ በሩ ስቲከር ተመለሱ። ተሳቢው ሲያያዝ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ሂቹ ላይ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ብረት ላይ ያርፋል። ከ5,300 ላይ 12 በመቶው 636 ፓውንድ ነው። ሂቹ ራሱ 60 ቢመዝን፣ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ከነሻንጣቸው 640 ቢሆኑ፣ መኪናው የተሸከመው 1,336 ፓውንድ ነው። ስቲከሩ 1,150 የሚል ከሆነ ገና ከግቢ ሳትወጡ በ186 ፓውንድ አልፋችኋል። ሞተሩ ግን ምንም ሳይለው ይጎትተዋል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። የሚቸገሩት ባሌስትራው፣ የኋላ ጎማዎቹና ፍሬኑ ናቸው። መኪናው ከኋላ ሲያጎነብስና ከፊት ቀና ሲል የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን በወጉ አይጨብጡም፣ መሪውም ይቀልላችኋል።

ስለዚህ ለሁለት ፈረስ ሙሉ መጠን ያለው ፒካፕ ወይም ትልቅ ኤስዩቪ ፈልጉ፤ ኤፍ 150፣ ሲልቨራዶ 1500፣ «ከቶዮታ ሌላ አልነዳም» ለሚሉትም ቱንድራ አለ። ሦስትና ከዚያ በላይ ለመጫን ከሆነ ወደ 2500 እና ኤፍ 250 መውጣት ነው። በማንኛውም መኪና ከተጻፈው የመጎተት አቅም 80 በመቶውን እንደ ጣሪያ ያዙ። ትራክ የምትነዱ ወገኖች «ይቺማ ምን አላት» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጭነት በቀበቶ ታስሮ የሚቀመጥ ፓሌት አይደለም። ኩርባ ላይ ክብደቱን ከእግር እግር ያዛውራል፣ ዝንብ ሲነክሰው ይራገጣል፣ ጓደኛው ሲያሽካካ ዞሮ ሊያይ ይሞክራል።

2. ሂቹ

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ባምፐር ፑል የሚባለው ሲሆን ከመኪናው ኋላ ካለ ሂች ጋር ይያያዛል። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ ባምፐሩ ላይ በተበሳች ቀዳዳ ፈረስ አይጎተትም። ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ ሂች ያስፈልጋል። ክላስ 3 የሚባለው እስከ 8,000፣ ክላስ 4 እስከ 10,000 ፓውንድ ይይዛል፤ ከመኪናው፣ ከሂቹና የተሳቢው አፍ ከሚያርፍበት የብረት ኳስ መካከል አቅማችሁን የሚወስነው ግን ዝቅተኛው ነው።

ኳሱ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። የፈረስ ተሳቢዎች የሚጠቀሙት 2 ኢንች ወይም 2 ከ5/16 ኢንች ኳስ ነው። በትልቁ ኳስ ልክ የተሠራው የተሳቢ አፍ ትንሿ ኳስ ላይ ሲቀመጥ የገጠመ ይመስላል፣ መቆለፊያውም ይዘጋል፤ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ግን ይወልቃል። የተሳቢው አፍ ላይ ልኩ ተቀርጾ ይገኛል፣ የኳሱም አናት ላይ እንዲሁ፤ ሁለቱንም አንብቡ።

ሁለተኛው ጎዝኔክ ነው፤ አንገቱ ከፒካፑ ጭነት መያዣ መሃል ላይ ያርፋል። ከኋላ አክስሉ በላይ ስለሚቀመጥ ብዙ አይወዛወዝም፣ ጠባብ ቦታም ይዞራል። ሦስትና አራት ፈረስ ለሚጭን ሰው ያለ ጥርጥር ይሻላል። ግን ፒካፕ ግዴታ ነው፣ የጭነት ቦታውንም ይበላል።

ስለ መንጃ ፈቃድ፦ አሜሪካ ውስጥ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ካለፈ፣ ለንግድ ሥራ ክላስ ኤ ሲዲኤል፣ የንግድ መንጃ ፈቃድ፣ ይጠየቃል። ለግል የሚጎትት ሰው የስቴቱን ሕግ ዲኤምቪ ይጠይቅ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በቢ መንጃ ፈቃድ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ መጎተት የሚቻለው የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ድምር ከ3,500 ኪሎ ካልበለጠ ነው። ሁለት ፈረስ የጫነ ሰው ይህን በቀላሉ ያልፈዋል፣ ስለዚህ ቢ96 ወይም ቢኢ የሚባለውን የተሳቢ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። እንግሊዝ ያላችሁ ከታኅሣሥ 2021 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ወዲህ በመኪና መንጃ ፈቃዳችሁ እስከ 3,500 ኪሎ ተሳቢ መጎተት ተፈቅዶላችኋል።

3. ፈረሱን ለኩ

የፈረስ ቁመት እዚህ የሚለካው በሃንድ ነው፤ አንዱ ሃንድ 4 ኢንች ነው። የሚለካው ከመሬት እስከ ትከሻው ጉብታ እንጂ እስከ ጆሮው አይደለም። እዚህ ያሉ ፈረሶች ደግሞ አገር ቤት ከምናውቃቸው በጣም ይገዝፋሉ፤ አዊ ፈረሰኞች ከሚጋልቧቸው ጋር አቆማችሁ ብታዩ ልዩነቱ ያስደነግጣል። 16 ሃንድ ማለት 64 ኢንች፣ ወይም 162 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው። ለዚህ የሚበቃው የውስጥ ከፍታ 7 ጫማ ነው፤ ከዚያ ለሚረዝሙት፣ ዋርምብለድ ለሚባሉት ግዙፎች በተለይ፣ 7 ከግማሽ ጫማ ፈልጉ። የድሮ ተሳቢዎች ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ዋጋቸው የረከሰበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጣሪያ የነካው ፈረስ ራሱን ሲያነሣ ይመታል፣ ከዚያ ወዲያ በልመናም አይገባላችሁም።

ስፋቱ ቢያንስ 6 ጫማ፣ ፈረሱ የሚቆምበት ርዝመት ራሱን ከሚያሳርፍበት ጭምር 10 ጫማ ያህል ይሁን። የማስታወቂያውን ቁጥር አትመኑ፤ ሜትር ይዛችሁ ግቡና በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ለኩ። ሻጭ ከውጪ የለካውን የሚጽፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

አየር ማግኘቱን ጭንቅላታችሁን አስገብታችሁ ፈትሹ። ሁለት ፈረስ በበጋ ቀን የተዘጋ ቤት ውስጥ ሲተነፍስ በፍጥነት ይሞቃል። ለየፈረሱ መስኮትና የጣሪያ አየር ማስገቢያ ይኑረው። ጥቁር ቀለም ፎቶ ላይ ያምራል፣ ሐምሌ ላይ ግን ምጣድ ነው፤ ነጭ ግዙ።

4. እንዴት ይቁም?

ፈረሶቹ ፊታቸውን ወደ መኪናው አድርገው ጎን ለጎን የሚቆሙበት ስትሬይት ሎድ ይባላል። በሰያፍ የሚደረደሩበት ስላንት ነው። ክፍልፋይ የሌለው፣ ጎኑ ክፍትፍት ያለው ደግሞ ስቶክ፣ የከብት ተሳቢ ነው።

ስላንት ገበያውን የያዘው ባጠረ ርዝመት ብዙ ፈረስ ስለሚያስገባ ነው። ሁለት ነገር ግን ይቆረቁረኛል። አንደኛ፣ ከፊት ያለው ፈረስ ቢታመም ከኋላው ያሉትን አውራ ጎዳና ዳር ሳታወርዱ እሱን ማውጣት አትችሉም። ሁለተኛ፣ ትልቅ ፈረስ በሰያፉ ልክ ሲቆም አፍንጫው አንዱን ግድግዳ፣ ዳሌው ሌላውን ይነካል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ከኋላ ጥግ የኮርቻ ቁም ሳጥን ስላላቸው መውጫው በግማሽ ይጠባል።

ስትሬይት ሎድ አንዱን ፈረስ ሌላውን ሳይነኩ ማውረድ ያስችላል። ስትገዙ የመሃል ክፍልፋዩ እስከ ወለሉ የወረደ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። ፈረስ ኩርባ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሩን ከፈት አድርጎ ነው፤ እስከ ታች የተዘጋ ግድግዳ ይህን ይከለክለዋል። ከደረቱ ፊትና ከዳሌው ኋላ ያሉት መቀርቀሪያዎች ፈረሱ ተደግፎባቸውም መፈታት አለባቸው፤ የደረቱ ደግሞ ከውጪ በኩል መፈታቱን አረጋግጡ። ፈረስ የፊት እግሩን በደረቱ መቀርቀሪያ ላይ አሻግሮ ሲጣበቅ እናንተ ከሥሩ ገብታችሁ የምትፈቱት ከሆነ የሚጎዳው ሰው ነው። አንድ ፈረስ ብቻ ስትጭኑ በሹፌሩ በኩል አቁሙት፣ ሁለት ከሆኑም ከባዱን በዚያው፤ መንገድ ወደ ቀኝ ዳሩ ዝቅ ስለሚል ሚዛኑ ይጠበቃል።

ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛና ሁለት ፈረስ ላለው ሰው ስትሬይት ሎድን እመክራለሁ። ገንዘቡ ካጠረ ደግሞ ስቶክን አትናቁት። ሰፊ፣ ብርሃናማና አየር የሞላበት ስለሆነ ጠባብ ቦታ የሚፈራ ፈረስ ወይም ግልገል ያለቻት ባዝራ ያለ ጭቅጭቅ ትገባበታለች። የሚበላሽ ነገርም አይበዛበትም፤ ስትሸጡት ፈረስ ያለውም ከብት ያለውም ይፈልገዋል።

በር ላይ መወጣጫ ወይስ ደረጃ የሚለው ክርክር የፈረሱ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱንም ይለምዳል። መወጣጫ ከሆነ ብቻችሁን አንሥታችሁ ዝጉት። ምንጩ ደክሞ ሁለት ሰው የሚፈልግ ከሆነ ዝናብ ውስጥ ብቻችሁን የምትሆኑበትን ቀን አስቡ።

5. ብረት ወይስ አሉሚኒየም?

ወደ ሻጩ ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ ማግኔት ያዙ። «ሙሉ አሉሚኒየም ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ላሜራው ብቻ አሉሚኒየም ሆኖ ሻንሲው ብረት ነው። ማግኔቱን ሻንሲው፣ የበሩ ማዕዘንና ማጠፊያው ላይ ብታስጠጉት ወዲያው ይነግራችኋል። ብረት መሆኑ ነውር አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ የትም ይበየዳል። ክብደቱና ዝገቱ ነው ዕዳው፤ በተለይ ክረምት አስፋልት ላይ ጨው ከሚበተንባቸው ሰሜናዊ ስቴቶች የመጣ ከሆነ። አሉሚኒየም ይቀላል፣ ዋጋውንም ይዞ ይቆያል። እንደ ፌዘርላይት ያሉ፣ አይዋ ክሬስኮ ውስጥ የሚሠሩ የአሉሚኒየም ተሳቢዎች አሮጌ ሆነውም ዋጋቸው የማይወርደው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ብረታ ብረቶች የሚገናኙበትን ቦታ ግን በባትሪ እዩ። አሉሚኒየምና ብረት ውሃ ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ወይም ያበጠ ቀለም ካያችሁ ሥራው ጀምሯል።

6. ወለሉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጎማ ይቀየራል፣ ፍሬን ይሠራል፣ መብራት ይገጠማል። ወለል ግን እየነዳችሁ ሳለ ሲሰበር የፈረሱ እግር ወጥቶ አስፋልቱን ያገኛል። ይህን የሚያህል አስከፊ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ የለም።

የላስቲክ ምንጣፉን አንሡ። ከባድ ነው፣ ሻጩ እንዲያግዛችሁ ጠይቁ። «ተጣብቋል፣ አይነሣም» ካለ ተሰናብታችሁ ሂዱ። ምንጣፉ ሲገለጥ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ነው፤ ዓይን የሚቆጠቁጥ የሽንት ሽታ ከሆነ ምንጣፉ እየተነሣ ታጥቦ አያውቅም ማለት ነው። ቀጥሎ ካቻቢቴ ያዙና እንጨቱን ውጉ፤ በመሃሉ ብቻ ሳይሆን በዳር በዳሩ፣ ከግድግዳው ሥርና ከኋላ በር አጠገብ። ፈረሶቹ ሽንታቸውን የሚሸኑበትና ፋንድያው የሚጠራቀምበት ቦታ ነው ቀድሞ የሚበሰብሰው። ደህና ጣውላ ካቻቢቴውን ይመልሰዋል። ከረጠበ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ከገባ፣ ላዩ ደህና ቢመስልም ሆዱ አልቋል።

ከዚያ ካርቶን አንጥፋችሁ ከሥሩ ተኙ። ጣውላው የሚያርፍባቸውን አግዳሚ ብረቶች አንድ በአንድ በባትሪ ተመልከቱ። ላይ ላዩን የሚታይ ቀይ ዝገት አያሳስብም፤ በካቻቢቴው ስትመቱት በቅርፊት በቅርፊት የሚረግፍ ከሆነ ግን ብረቱ ሳስቷል። በብየዳው መገጣጠሚያ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ፣ ወይም አዲስ ብየዳ ካያችሁ ለምን እንደተበየደ ጠይቁ። ሃያ ዓመት የሆነው ተሳቢ ከሥሩ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ። ውድ አዲስ ምንጣፍ አሮጌ ወለል ላይ ሲነጠፍም እንዲሁ።

የአሉሚኒየም ወለል አይበሰብስም ተብሎ ይሸጣል። አይበሰብስም፣ ግን ሽንት ይበላዋል። ምንጣፉን አንሥታችሁ ነጭ ነጠብጣብ ወይም በጣት ጫፍ የሚዳሰስ ጉድጓድ ፈልጉ። ጥልቅ ከሆነ አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ ደግሞ ጣውላ ከመቀየር በብዙ ይወደዳል። የጣውላ ወለል ቢበላሽም ተስፋ አለው። ሻንሲው ደህና ሆኖ ጣውላው ብቻ የሞተበትን ተሳቢ ዋጋውን አስወርዳችሁ ብትገዙ፣ በታከመ ጥድ ወይም በኦክ ጣውላ መቀየር እጁ ለሥራ የሚታዘዝ ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚጨርሰው ነው። በጣውላዎቹ መካከል ሽንቱ የሚወርድበት ክፍተት መተው አትርሱ።

7. ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት

ጎማው ላይ ጥርሱን ብቻ አትዩ። የፈረስ ተሳቢ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ስለሚከርም ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይ ይሞታል። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከአምስትና ስድስት ዓመት በላይ ከሆነው ምንም አዲስ ቢመስል ይቀየራል ብላችሁ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። በልኩ መጀመሪያ ላይ ኤስቲ የሚሉ ፊደላት መኖራቸውን እዩ፤ ለተሳቢ የተሠራ ጎማ ማለት ነው። የቤት መኪና ጎማ ከተገጠመበት ያ ሻጭ ሌላውንም ነገር እንዴት እንደያዘው ገምቱ። ከኤስቲ ጎማዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ከ65 ማይል ላልበለጠ ፍጥነት ነው። አንዱ ጎማ ከውስጥ ወይም ከውጪ ጠርዙ ብቻ ካለቀ አክስሉ ጎብጧል ወይም ከአቅም በላይ ተጭኗል። ስኮርታው ጎማም በዚሁ ዓይን ይታይ።

በክሪክ አንሥታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ። ቀጭ ቀጭ ካለ ወይም ሲሽከረከር ካጉረመረመ ኩሽኔታው አልቋል።

በብዙ ስቴቶች ጠቅላላ ክብደቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ሕጉ ባይኖርም ፍሬን ለሌለው የፈረስ ተሳቢ ገንዘብ አልሰጥም። ፍሬኑ የሚታዘዘው መኪናው ክሩስኮት ሥር በሚገጠም ብሬክ ኮንትሮለር ነው፤ መኪናችሁ ከፋብሪካ ካልመጣበት አስገጥሙ። መኪናው ፍጥነት በሚቀንስበት ልክ የሚይዘውን፣ ፕሮፖርሽናል የሚባለውን ምረጡ፤ ርካሹ ዓይነት ሁሌም በአንድ ልክ ስለሚይዝ ፈረሱን ያንገጫግጨዋል።

ተሳቢው ከመኪናው ቢለይ በራሱ ፍሬን የሚያስይዝ ትንሽ ባትሪና ከሽቦ ጋር የታሰረች ፒን አለች። ፒኗን ንቀሉና መኪናውን ቀስ ብላችሁ ወደፊት ሞክሩ፤ የተሳቢው ጎማዎች መቆለፍ አለባቸው። ካልቆለፉ ባትሪው ሞቷል ወይም ሽቦው ተቆርጧል። ፒኗን ወዲያው መልሱ፣ ረጅም ጊዜ ከቆየ ፍሬኑን ያቃጥላል። ሰንሰለቶቹ ሁለት ሆነው ከተሳቢው አፍ ሥር በመስቀለኛ ይታሰሩ፤ ሂቹ ቢወልቅ አፉ መሬት ሳይመታ እዚያው ላይ ያርፋል።

መብራቱን አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ያረጋግጥ፦ ፍሬቻ፣ የፍሬን፣ የማታና የውስጥ መብራት። ባለ ሰባት እግር ሶኬት መሆኑንም እዩ፤ ባለ አራቱ ፍሬን አያዝም።

ከዚህ በኋላ ውስጥ ገብታችሁ ግድግዳውን፣ የበሩን ጠርዝና መቀርቀሪያውን በባዶ እጃችሁ ዳብሱ። እጃችሁን የቧጨረ ነገር የፈረሱን ቆዳ ይቀዳል።

8. ጎትታችሁ ሞክሩ

በራሳችሁ መኪና ጎትቱት፤ በሻጩ መኪና የተደረገ ሙከራ ለእናንተ ምንም አይነግራችሁም። ከተያያዘ በኋላ ከጎን ቆማችሁ ተሳቢው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል መቆሙን እዩ። ወደ ኋላ ካዘነበለ ይወዛወዛል፤ ወደ ፊት ከደፋ የፊተኛው አክስል ብቻውን ይሸከማል። የላስቲክ ምንጭ ያላቸው ቶርሽን አክስሎች እንደ ባሌስትራው ክብደቱን ለሁለት ስለማይካፈሉት እነሱ ላይ አለማዘንበሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። ማስተካከያው የሂቹን ከፍታ መቀየር ነው።

ባዶ ሜዳ ላይ በ20 ማይል እየሄዳችሁ የመኪናውን ፍሬን ሳትነኩ የኮንትሮለሩን ማንሻ ብቻ ተጫኑ። ተሳቢው ወደ ኋላ ሲይዛችሁ መሰማት አለበት። ከዚያ ጥቂት ማይሎች አውራ ጎዳና ላይ ሂዱና ስትቆሙ እያንዳንዱን ቸርኬ መሃሉ ላይ በእጅ ቅረቡት። ለብ ማለት ያለ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ይዟል።

9. ወረቀት

በተሳቢው ግራ ጎን ፊት ለፊት ላይ የፋብሪካ ሰሌዳ አለ፤ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር (ቪን)፣ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደትና የጎማው ልክ ይገኝበታል። ቪኑን ከባለቤትነት ወረቀቱ፣ ከታይትሉ፣ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በታይትሉ ላይ ያለው ስም የሻጩ ካልሆነ፣ ወይም የባንክ ዕዳ ከተመዘገበበትና መልቀቂያ ከሌለ ገንዘብ አትስጡ። ሰሌዳው ተፍቆ ወይም ተነቅሎ ከሆነ ታሪኩን አትስሙት፣ መኪናችሁን አስነሡ። ቪኑን የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኒትሳ፣ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተፈታ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ለጥገና የጠራበት ጉድለት፣ ካለበት እዩ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ፍሬን ያለው ተሳቢ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን እንደሚገባ አስታውሱ።

ኢንሹራንሳችሁ ጋር ደውሉ። የመኪናው ኢንሹራንስ ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ይከፍላል፤ ተሳቢው ራሱና በውስጡ ያለው ፈረስ ግን ለብቻ ካልተገባላቸው አይሸፈኑም። መንገድ ላይ ብትቆሙም ተራው የመንገድ ዳር አገልግሎት ፈረስ የጫነ ተሳቢ አላነሣም ሊላችሁ ይችላል። ዩኤስ ራይደር የሚባለው ለፈረስ ባለቤቶች ተብሎ የተቋቋመ ነው፤ አባል መሆን ያዋጣል።

10. ከገዛችሁ በኋላ ባለው ሳምንት

ሻጩ ምንም ቢላችሁ ኩሽኔታዎቹ ተፈትተው፣ ታጥበው፣ አዲስ ግራሶ ይሞሉ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ወይም በየ12,000 ማይሉ ይደገማል። የፒኗን ባትሪ ቀይሩ። ስኮርታ፣ ክሪክ ወይም ጎማ መውጫ ሽብልቅ፣ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂና የውሃ ጀሪካን እዚያው ተሳቢው ውስጥ ይቀመጡ። ፈረሱን ከመጀመሪያ ጉዞው በፊት ቆሞ ባለ ተሳቢ ውስጥ ድርቆሽ እያበላችሁ አለማምዱት። ባዶ ተሳቢ ከመኪናው ሳይያያዝ ግን ፈረስ አይገባበትም፤ ከኋላ ሲረግጠው እንደ ሚዛን ይነሣል።

የስቴት ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ ኮጊንስ የተባለው የደም ምርመራ ውጤትና የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት በእጃችሁ ይኑር። ኮጊንስ ፈረሱ ኢኩዋይን ኢንፌክሽየስ አኒሚያ ከሚባለው፣ ዝንብ ከሚያስተላልፈውና መድኃኒት ከሌለው በሽታ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ነው። አብዛኛው ስቴት በ12 ወር ውስጥ የተሠራ ኮጊንስና በ30 ቀን ውስጥ የወጣ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ የምትሄዱበትን ስቴት ደንብ ቀድማችሁ አጣሩ።

ቸርኬዎቹ ለኩሽኔታው ሥራ ስለተፈቱ ዳዶዎቹ ከመጀመሪያው 50 ማይል በኋላ መላላታቸው የተለመደ ነው። ቶርክ መፍቻውን ይዛችሁ ውጡና ነዳጅ ማደያ ላይ ስትቆሙ በፋብሪካው ልክ አንድ በአንድ ደግማችሁ አጥብቋቸው።